የአቶ ረጋሳ ቃልቤሳ የሕይወት ታሪክ፤ ከአሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ካርዶቻቸው ጋር

አቶ ረጋሳ ቃልቤሳ ከአባታቸው ከአቶ ቃልቤሳ ቶሌራ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጫልቱ ጉደታ፣ በቀድሞው ወለጋ ክፍለ ሀገር በነጆ አቅራቢያ ግንቦት 9 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበሩ ልጆቻቸው በሙሉ፣ ሴቶቹም ጭምር፣ እንዲማሩ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ረጋሳም በስድስት ዓመታቸው በአካባቢው ወደነበረው የሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

ይህን ታሪክ የጻፍኩት እኔ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ዳራርቱ ነኝ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በቤታቸው ኖሬአለሁ። ጋሼ እያልኩ ብጠራቸውም አባቴ ነበሩ። የሐዘን ኮሚቴያችን ሰብሳቢ አቶ አክሊል ከትናንት በስቲያ ደውለው «ዳሪዬ፣ ፕሮግራሙ እኮ አራት ገጽ ብቻ ነው፤ መዝሙሩም ፎቶውም መግባት አለበት። ያንን የካርድ ነገር ሾርት አድርጊው፤ ሰው አይገባውም» ብለውኛል። አቶ አክሊል ለዚህ ሐዘን ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ሾርት ግን አላደረግሁትም። ሰው ያልገባው ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቁጭ ብሎ ስላልጠየቃቸው ነው። ዛሬ ሁላችሁም ቁጭ ብላችኋልና ትሰሙኛላችሁ።

አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ እንግሊዝኛ ያስተማሯቸው ሰው መምህር ጅሬኛ ዲንሳ ይባላሉ። ይህን ስም ልብ በሉልኝ። መምህር ጅሬኛ ከክሊኒኩ የሚጣሉትን ያገለገሉ የሕሙማን ካርዶች እየሰበሰቡ በጀርባቸው ተማሪዎቻቸውን ያጽፉ ነበር። አንድ ተማሪ የአንድን የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉም አውቃለሁ ካለ፣ ቃሉን ያገኘበትን ዓረፍተ ነገር ከነመጽሐፉ ስም፣ ከነታተመበት ዓመትና ከነገጹ በካርዱ ላይ ገልብጦ ማቅረብ ነበረበት። ካላቀረበ «ከየት አመጣኸው? አሳየኝ!» ይባላል እንጂ ማርክ አያገኝም። በትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ የነበሩት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አርባ አንድ ነበሩ፤ ብዙዎቹም አሮጌ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቃል በአንዱ መጽሐፍ አንድ ነገር፣ በቆየው መጽሐፍ ደግሞ ሌላ ነገር ማለት እንደነበር እነዚያ ልጆች በገዛ ዓይናቸው ያዩ ነበር። ጋሼ እንደሚሉት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኙም።

አቶ ረጋሳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በነቀምት አጠናቀው በ1962 ዓ.ም. ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚባለው ገቡ፤ በ1966 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመረቁ። ከዚያም ወደ ነቀምት ተመልሰው ሃያ አራት ዓመት በመምህርነት አገለገሉ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል ያስተማሯቸው እንዳሉ አውቃለሁ። በ1973 ዓ.ም. ከወ/ሮ ወርቂቱ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጽመው ሲፋንንና ኢቢሴን ወልደዋል።

ጋብቻቸው ከመፈጸሙ በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ። በጥር ወር 1970 ዓ.ም. መምህር ጅሬኛ ከሚያስተምሩበት ክፍል በታጣቂዎች ተወሰዱ። ጋሼ ይህን እንደሰሙ ከነቀምት ተነሥተው ወደ ነጆ ሄዱ፤ ያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነበሩ። ቢሮ ለቢሮ ሲጠይቁ ሰንብተው በመጨረሻ አንድ ኃላፊ መዝገብ እንኳ ሳይገልጥ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» አላቸው። አለ ብለው ስለተከራከሩ ሦስት ሳምንት ታሰሩ። ሲፈቱ መምህሩ የኖሩባት ክፍል ባዶ ነበረች፤ መጻሕፍቱም ካርዶቹም ተቃጥለዋል። አስከሬን አልተሰጠም፣ ለቅሶ መቀመጥም ተከልክሎ ነበር። ጋሼ ስለዚህ ጉዳይ ሲያወሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም።

በ1990 ዓ.ም. በዲቪ ዕድል ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ሚኒሶታ መጡ። መጀመሪያ ሜፕልዉድ ውስጥ አፓርታማ ተከራይተው በአንድ ፋብሪካ፣ ከዚያም ብሉሚንግተን ውስጥ ለኤርፖርት መንገደኞች በተዘጋጀ የመኪና ማቆሚያ በትኬት ቆራጭነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠሩ። የሃያ አራት ዓመት የማስተማር ልምዳቸው እዚህ አገር አልተቆጠረላቸውም። ይህ በብዙዎቻችሁ ላይ የደረሰ ስለሆነ አላበዛበትም።

በ1994 ዓ.ም. በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰሌዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ አነበቡ። በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የሚዘጋጅ ታሪካዊ መዝገበ ቃላት በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎችን ይፈልጋል ይላል። ይህ መዝገበ ቃላት አንድ ቃል ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ ነግሮ የሚያቆም አይደለም። ቃሉ በጽሑፍ ከታየበት ጊዜ አንሥቶ ትርጉሙ በየዘመኑ እንዴት እንደተለወጠ፣ ለእያንዳንዱ ትርጉም ከልብ ወለድ፣ ከግጥም፣ ከስብከት ወይም ከደብዳቤ የተወሰደ ጥቅስ እያስከተለ የሚያሳይ ነው። ለምሳሌ እዚህ ሚኒሶታ ሰው ሁሉ በየደቂቃው የሚለው «ናይስ» ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ሞኝ፣ አላዋቂ ማለት ነበር። «ገርል» ወንድም ሴትም ሳይል ማንኛውም ሕፃን ነበር። «ሚት» ሥጋ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም የሚበላ ነገር ነበር። ይህን የሚያረጋግጡት በየመጻሕፍቱ ውስጥ የተቀበሩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ፈልጎ፣ ሳያዛንፍ ገልብጦ፣ ከነዓመቱና ከነገጹ በካርድ ይልካል። ጋሼ ማስታወቂያውን ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ የመምህር ጅሬኛ ክፍል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 2013 ዓ.ም. አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ካርድ ጽፈው ላኩ። በየቤተ መጻሕፍቱ ሽያጭ ማንም የማይፈልጋቸውን አሮጌ ልብ ወለዶች፣ የስብከት ጥራዞች፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት እየለቀሙ ያመጡ ነበር። ሌሎች አንባቢዎች ገጽ ገልጠው ቃል ብቻ ይለቅማሉ። ጋሼ ግን መጽሐፉን ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብበው ሳይጨርሱ አንድ መስመር አይገለብጡም ነበር፤ ሰውዬው በስተመጨረሻ ምን ማለቱ እንደሆነ ሳላውቅ በመካከል የተናገረውን እንዴት እጠቅሳለሁ ይሉ ነበር። በመኪና ማቆሚያው የትኬት መቁረጫ ዳስ ውስጥ፣ ከእግራቸው ሥር ትንሿን ማሞቂያ አድርገው፣ በሁለት መኪና መካከል ያነባሉ። የጨረሱትን ካርድ በጫማ ካርቶን ይደረድራሉ። እትዬ ወርቂቱ ካርቶኖቹን ስትወለውል ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ጣልልኝ አላለችም። ለዚህም ምስጋና ይገባታል።

የኛ ሰው ግን ምን አለ? ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ተሰብስበን በምንቀመጥበት ካፌ «ጋሽ ረጋሳ፣ ኦቨርታይም ብትሠራ አይሻልህም?» የሚል ነበር። «ለፈረንጅ ቋንቋውን ልታስተምረው ነው?» የሚል ነበር። ቤቱ ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። እኔ አልስቅም። ከሳቁት አንዳንዶቹ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ መጥተዋል። ነገር ግን ያ ሰው በዚያች ዳስ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ዛሬ ይወቁ።

በእያንዳንዱ ካርድ ግርጌ የአንባቢው ስም ይጻፋል። ጋሼ በአሥራ አንድ ሺህ አራት መቶው ላይ የጻፉት የራሳቸውን ስም አልነበረም። «ጅሬኛ ዲንሳ፣ ሴንት ፖል» ብለው ጻፉ፤ ሴንት ፖል የምንኖርባት ከተማ ናት። ለምን ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። ሥራው የእሳቸው ነው፣ እኔ እጅ ነኝ አሉኝ። እኛ ዘንድ ይህ ምንም እንግዳ ነገር የለውም። ልጁን በሟች ስም የሚጠራ፣ ያሠራውን ቤት በአባቱ ስም የሚያስመርቅ ሰው ሞልቷል፤ ማንም አታለለ አይለውም። ጋሼም እንደዚያው አደረጉ። ይህ በሌላ አገር እንደ ጥፋት ሊቆጠር እንደሚችል ለአንድ አፍታም አላሰቡም።

በ2013 ዓ.ም. የስኳር በሽታ ዓይናቸውን ስላደከመው ካርድ መጻፍ አቆሙ፤ ደብዳቤና ኢሜይላቸውን የማነብላቸው እኔ ሆንኩ። በሚቀጥለው ዓመት መዝገበ ቃላቱን የሚያዘጋጀው ድርጅት አዲስ ቅጽ ሊያሳትም መሆኑን ገልጾ፣ በመጀመሪያው ገጽ የአንባቢዎቹን ስም ለማውጣት ማረጋገጫ እንዲሞላ ለ«ሚስተር ጅሬኛ» ፎርም ላከ። ጋሼ አልደበቁም። መምህሬ ናቸው፣ በ1970 ተወስደው ቀርተዋል፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስሙ ግን የእሳቸው ይሁንልኝ ብለው ነገሩኝ፤ ቃል በቃል ጽፌ ላክሁ።

መልሱ በሁለት ወር መጣ። «በሐሰተኛ ስም የቀረበ አስተዋጽኦ» ይላል። ሐሰተኛ! አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ላለመሳሳት ማጉያ መነጽር ይዘው ገጽ ላይ የሚያጎነብሱትን ሰው! ድርጅቱ መምህር ጅሬኛ የሚባል ሰው ስለመኖሩ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፎቶግራፍ ወይም የታተመ ሥራ እንድናቀርብ ጠየቀ። ሁሉም የተቃጠለበትን ሰው ወረቀት አምጡ ማለት ነው። ማቅረብ አንችልም ስንል፣ እንዲህ የሚባል ሰው ለመኖሩ ማረጋገጫ ስላልተገኘ ስሙ አይታተምም አሉን። እኔ ደብዳቤውን እያነበብኩላቸው ነበርና ከዚያች ዓረፍተ ነገር ስደርስ ፊታቸውን አየሁ። በአርባ አራት ዓመት ልዩነት፣ በሁለት አገር፣ በሁለት ቋንቋ አንድ ዓይነት መልስ ተሰጣቸው።

የድርጅቱ ሰዎች ያላፈሩበት ነገር ደግሞ ይህ ነው። ካርዶቹ ሁሉ ተጠርጥረዋል ብለው ስድስት መቶውን መርጠው ከዋናዎቹ መጻሕፍት ጋር አመሳከሩ። አንድም ስሕተት አላገኙም፤ ይህንንም ራሳቸው ጽፈውልናል፤ ደብዳቤው በእጄ አለ። እሺ፣ ስሕተት ከሌለበት? ካርዶቹን አስቀሩ፣ ጥቅሶቹን አሳተሙ፣ ስሙን ብቻ ሰረዙ። ከፈለጉ በራስዎ ስም እናወጣለን፣ ካርድዎ ብዙ ስለሆነ ስምዎ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይሆናል አሉ። ጋሼ እምቢ አሉ። የመምህሬ ካልወጣ ማንም አይውጣ አሉ።

እዚህ ላይ የምጽፈውን ጋሼ ያውቁት ነበር፤ እትዬ ወርቂቱም ታውቃለች፤ ሌላ ሰው አያውቅም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጋሼ ኩላሊታቸው ደክሞ፣ በላዩ ላይ ኢንፌክሽን ገብቶባቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ከድርጅቱ የመጨረሻ ነው የሚል ኢሜይል መጣ። በአምስት ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠ ስም የሚባል አይኖርም። እኔም የሚስቁባቸውን ሰዎች አሰብኩ፤ ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ፤ ሃያ ዓመት የለፉበት ነገር ያለ ስማቸው ሲቀር ታየኝ። «በራሴ ስም ይውጣ፣ ተስማምቻለሁ፣ ረጋሳ ቃልቤሳ» ብዬ መለስኩ። ሳልጠይቃቸው፣ በእሳቸው ፊርማ።

መጽሐፉ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በፖስታ መጣ። ጋሼ ከኩላሊት እጥበት፣ ከዳያሊሲስ፣ ተመልሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማጉያቸውን አንሥተው በስሞቹ ዝርዝር ላይ መምህር ጅሬኛን ፈለጉ። እንደማያገኟቸው እያወቁ ፈለጉ። ከዚያ የራሳቸውን ስም አገኙት።

«ይህን ማን ጻፈላቸው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ኢሜይሉን ሪፕላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ነበሩ፣ ዴድላይኑ ሊያልፍ ነበር፣ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለእኔ?» አሉና መጽሐፉን ዘጉት። «አንድ ጊዜ እዚያ አጠፏቸው፤ አንድ ጊዜ እዚህ አጠፏቸው። ሦስተኛዋ አንቺ ሆንሽ?»

አንድ ሳምንት አላናገሩኝም። በድርጅቱ ላይ የተቆጣሁትን ያህል በራሴ ላይ ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬም እስከዛሬ አልበረደም። በስምንተኛው ቀን ዳያሊሲስ ማዕከል ሳደርሳቸው፣ ነርሷ መርፌውን ከሰካች በኋላ «ወረቀት አለሽ?» አሉኝ። «እኔ ስሞት የሕይወት ታሪኬን ማንበባችሁ አይቀርም። የእሳቸውን ማንም አላነበበም። እኔ ልንገርሽና ጻፊ፤ ከእኔው ጋር አንድ ላይ ይነበብ» አሉ። በሦስት ቀጠሮ፣ በየቀጠሮው አራት ሰዓት እየተኙ የነገሩኝ የሚከተለው ነው።

መምህር ጅሬኛ ዲንሳ ከአባታቸው ከአቶ ዲንሳ በጊምቢ አካባቢ በ1925 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። የእናታቸውን ስም ተማሪያቸው አያውቁም፤ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ ብለው ተጸጽተዋል። በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረው ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተማሩ። ቁመታቸው ረጅም ነበር፤ ሲያስተምሩ አይቀመጡም፤ ማንንም ተማሪ መትተው አያውቁም። ትዳር አልመሠረቱም፣ ልጅም አልወለዱም። ከደመወዛቸው ለሦስት ተማሪዎች ደብተርና ልብስ ይገዙ ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ረጋሳ ቃልቤሳ ነበሩ። በጥር 1970 ዓ.ም. በአርባ አምስት ዓመታቸው ገደማ ከክፍላቸው ተወስደው አልተመለሱም። ያረፉበት ቀን አይታወቅም። የተቀበሩበት ቦታ አይታወቅም።

አቶ ረጋሳ ለአራት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ ወደሚወዱት ጌታ ሄደዋል። በማግስቱ ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። የተስማማው ረጋሳ ቃልቤሳ አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኳቸው፤ በእናንተ ዘንድ በሐሰተኛ ስም የቀረበ ነገር ካለ የእኔ ኢሜይል ብቻ ነው፣ እሱን ሰርዛችሁ በምትኩ ጅሬኛ ዲንሳን አትሙ አልኳቸው። እስከዛሬ መልስ የለም። ሌላም እጽፋለሁ፤ እሳቸው አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ጊዜ ጽፈዋል፣ እኔ ገና አንዱን ነው የጻፍኩት።

አቶ ረጋሳ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ወርቂቱን፣ ልጆቻቸውን ሲፋንንና ኢቢሴን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ በነጆ ያሉትን ወንድማቸውንና እህታቸውን፣ እኔን ዳራርቱንም ትተው ሄደዋል። በየቤቱ እንባን የሚያብስ ጌታ እትዬ ወርቂቱን ያጽናናት፤ ቤታቸውንም ይጠብቅ። ለሟቹም ድካማቸውን በማይረሳው አምላክ ዘንድ ዕረፍት ይሁንላቸው።

አሁን መጋቢያችን ለጸሎት እንድንነሣ ይጠይቁናል። ስንነሣ ለሁለት ሰው እንነሣ። አንደኛው ከፊታችን ናቸው። ሁለተኛው አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ያልተነሣላቸው፣ መምህር ጅሬኛ ዲንሳ ናቸው።